ደመወዝ ሲቆም፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ፍርድ ቤት አጥር ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ራፖር (የክስና የማመልከቻ ጽሑፍ) ስጽፍ ዓመታት ተቆጠሩ። ከሚመጡልኝ ሰዎች ብዙዎቹ አንድ ችግር ይዘው ነው የሚመጡት፦ ሠርተው አልተከፈላቸውም። ውል አንብቡ፣ አለቃ ጠይቁ፣ ሂሳብ ክፍል ተመላለሱ የሚለውን የተለመደ ምክር አልደግምም። የምጽፈው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለሚተዳደር የግል ድርጅት ሠራተኛ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ፣ የሥራ መሪና የቤት ሠራተኛ መንገዳቸው ሌላ ነው።

ምልክት፦ «ደንበኛ ሲከፍለን እንከፍላችኋለን»

የአንዳንድ ጥበቃና ጽዳት ኤጀንሲዎች መዝሙር ናት። መንስኤው ግልጽ ነው፤ ድርጅቱ በእናንተ ደመወዝ እየነገደ ነው። የቀጠራችሁ ኤጀንሲው ከሆነ ደመወዝ የሚጠየቀውም እሱ ነው። የምትጠብቁት ፎቅ ባለቤት ለኤጀንሲው ከፈለም አልከፈለም እናንተን አይመለከትም። ክሱ ላይ የኤጀንሲውን ስም በትክክል ጻፉ። ባጁ ላይ ያለው አጭር ስም ከንግድ ፈቃዱ ስም ጋር ላይገጥም ይችላል፤ በዚህ የተነሳ ወር የባከነበት መዝገብ አውቃለሁ።

ምልክት፦ «ትንሽ ታገሱ፣ ከበዓል በኋላ ነው»

በየሳምንቱ የማየው ይሄንን ነው። ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ።

ሰኔ 15 ቀን አንድ የጥበቃ ሠራተኛ መጣ። ካፖርቱን እንኳ አላወለቀም፣ ከአዳር በቀጥታ ነው የመጣው። ከኪሱ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ያልተከፈሉትን ወራት በእስክሪብቶ ደርድሯል፦ ከመስከረም እስከ ግንቦት፣ ዘጠኝ ወር፣ በወር 4,500 ብር። ድምሩ 40,500 ላይ ሁለቴ አስምሮበታል። መስከረምን፣ ጥቅምትንና ኅዳርን በቀይ ከበብኳቸው። «እነዚህ አልፈዋል» ስለው «ሠርቼባቸዋለሁ እኮ ጋሼ» አለኝ። መሥራቱንማ ማን ካደ?

መንስኤው ይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። እያንዳንዱ ወር ደግሞ ለብቻው ይቆጠራል። የኅዳር ደመወዝ ኅዳር 30 መከፈል ነበረበት፤ ግንቦት 30 ላይ አለቀለት። የታኅሣሥ ወር ደመወዝ ደግሞ ጊዜው ሊያልቅ 15 ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። በማግስቱ ክሱን አስገባን። ያለፉትን ሦስት ወራት ጨምረን ብንጠይቅም የአሠሪው ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሳት መቃወሚያ ይርጋ ናት። 13,500 ብር በትዕግሥት ሄደ።

ሰው ለምን ይህን ያህል ይቆያል? ይሉኝታ ነው። «አብረን በልተናል፣ እንዴት እከሰዋለሁ?» ይላል። አሠሪውም ይህን ያውቃል። ለገና ዘይት፣ ለፋሲካ 1,000 ብር ይሰጣል። ሠራተኛው ዘይቱን ተሸክሞ እያመሰገነ ይሄዳል።

መፍትሄው ቆጠራውን ማቋረጥ ነው። ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ያቋርጠዋል። አዋጁን ለሚያስፈጽመው የሥራና ክህሎት ቢሮ ማመልከትም ያቋርጠዋል። ሦስተኛው አሠሪው ዕዳውን በግልጽ ማመኑ ነው፤ ይሄኛው ግን ከሦስት ጊዜ በላይ አይሠራም። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ማልቀስ፣ ወረዳ አስተዳደር ደጅ መጥናት፣ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ አያቋርጡትም። ሽማግሌ መላክም እንደዚያው። ሽማግሌ ላኩ፣ ባህላችን ነው፤ ግን አሠሪው በሽማግሌ ፊት ያመነውን በወረቀት አስፈርሙ።

አንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ይዛ መጣች። አሠሪዋ በቴሌግራም «የ3 ወር ውዝፍሽን ከፋሲካ በኋላ እዘጋለሁ» ብሏታል። ከዚያች አንድ መስመር የተሻለ ማስረጃ አልነበራትም። ያ ስልክ አንድ ቀን ሙሉ ለሙሉ ቢጠፋስ? እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሳችሁ ያኔውኑ ስክሪንሾት አንሱ፣ ለወንድም ለእህት ላኩ፣ አሳትሙ። በስልክ ብቻ የሚምል አሠሪ ካለ «እንደተነጋገርነው የ3 ወር ውዝፌ» ብላችሁ በጽሑፍ መልሱለት።

ምልክት፦ «ሥራ የለም፣ እስክንጠራችሁ ቤት ቁጭ በሉ»

አሠሪ ሥራን ለጊዜው ማገዱ በሕግ ይቻላል፤ ግን ሥርዓት አለው። አሠሪው ምክንያቱን በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ለሥራና ክህሎት ቢሮ ማሳወቅ አለበት። የእገዳው ጊዜም ከ90 ቀን አይበልጥም። እዚያው ቢሮ ሄዳችሁ አሳውቆ እንደሆነ ጠይቁ። ካላሳወቀና እናንተ ለመሥራት ዝግጁ ከነበራችሁ ደመወዛችሁን ጠይቁ። ዝግጁ መሆናችሁን በጽሑፍ አሳውቁ። አልቀበልም ካለ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ በሪኮማንዴ (በአደራ ደብዳቤ) ላኩ፣ ደረሰኙን አትጣሉ።

ምልክት፦ ካልከፈሉኝ አልሠራም ብላችሁ ቀርታችኋል

እባካችሁ፣ እባካችሁ ይህን አታድርጉ። በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀን ከቀራችሁና አትቅሩ የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷችሁ ከነበረ፣ ያለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ወዲያውኑ ለመባረር በቂ ነው። ባለዕዳው እሱ ሆኖ ሳለ ጥፋተኛ እናንተ ትሆናላችሁ። ወይ እየሠራችሁ ክሰሱ፣ ወይ በሥርዓት ውጡ።

በሥርዓት መውጣት ማለት አንቀጽ 32 ነው። አሠሪ መሠረታዊ ግዴታውን በተደጋጋሚ ካልተወጣ ሠራተኛው ያለማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን በጽሑፍ ማስታወቅ ግን ግዴታ ነው። ይህ መብት የ15 የሥራ ቀን ዕድሜ ብቻ ስላለው፣ የቅርቡ ደመወዝ እንደቀረ ደብዳቤውን አስገቡ። ካሳውም የ30 ቀን ደመወዝ ነው።

ምልክት፦ «ይህን ፈርሙና ውዝፋችሁን ውሰዱ»

ወረቀቱ ላይ «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄአለሁ፣ ምንም ቀሪ የለኝም» የሚል ካለ አትፈርሙ። ያችን የ30 ቀን ካሳ የምትበላው እሷ መስመር ናት። ገንዘቡ ባንክ ሳይገባ ክሊራንስ ላይ የፈረመ ሰው ስንቴ አለቀሰብኝ! ውላችሁ ከተቋረጠ ክፍያው በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። ከዘገየ ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊጨምርባቸው ይችላል። አሠሪው «ንብረት አልመለሰም» ብሎ እንዳያመካኝ ቁልፉንም ዩኒፎርሙንም አስፈርማችሁ አስረክቡ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ፦ የጽሑፍ ውል የለኝም የሚል አለ፤ መብት አያሳጣም፣ የባንክ ስቴትመንትና ምስክር ይዛችሁ ኑ። ደመወዙ በቅጣት ተቆርጦ ያለቀበት አለ፤ ተቆራጭ ከወር ደመወዝ ሲሶ አይበልጥም። ድርጅቱ ከስሮ የተዘጋበትም አለ፤ የሠራተኛ ክፍያ ከሌላ ዕዳ ይቀድማል።

ምልክት፦ ተፈርዶልኝ አልተከፈለኝም

ክሱ አዲስ አበባ ላይ ለፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይቀርባል፤ ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። አዋጁ በ60 ቀን ይወሰን ይላል፤ መዝገብ ሲበዛ ይጓተታል። ተፈርዶም የማይከፍል አሠሪ አለ፤ ያን ጊዜ ፍርዱ ከንብረቱ ላይ በግድ እንዲፈጸም የአፈጻጸም መዝገብ ትከፍታላችሁ። እኔም «ንብረቱ የት ነው?» ብዬ እጠይቃችኋለሁ፣ እናንተም ዝም ትላላችሁ። ስለዚህ ገና ሥራ ላይ እያላችሁ ደመወዝ የሚልክበትን ባንክና ቅርንጫፍ፣ የመጋዘኑን አድራሻ፣ የመኪኖቹን ታርጋ ማስታወሻ ላይ ጻፉ። ከወጣችሁ በኋላ ዘበኛው በር አይከፍትላችሁም።