ቤት ገዝታችሁ መዶሻ ከማንሳታችሁ በፊት፦ አሜሪካ ለገባችሁ የድሬ ልጆች

ሰሞኑን ከወደ አሜሪካ የሚደወልልኝ ስልክ ሁሉ ስለ ቤት ነው። አንዱ አጥር ማጠር ይፈልጋል። ሌላዋ ቤዝመንቱን፣ ማለትም ምድር ቤቱን፣ ከፋፍላ ማከራየት አስባለች። ሌላው ጓሮው ውስጥ እንደ እናቱ ግቢ ሰርቪስ ቤት መሥራት አምሮታል። ሁሉም ሳቢያን፣ ገንደ ቆሬ፣ አዲስ ከተማ ያደጉ ልጆች ናቸው። እኔ ዓመታት ቨርጂኒያ ውስጥ ከተቋራጮች ጋር ሠርቼ፣ አሁን ከዚራ ተመልሼ ፕላን የምሠራ ሰው ስለሆንኩ ጥያቄው እኔ ጋ ይመጣል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ። እዚያ አገር ቤቱም መሬቱም ብዙውን ጊዜ የናንተ ነው፤ እንደኛ ሊዝ የለበትም። ግን መሬቱ ላይ ምን እንደሚሠራ፣ ከወሰን ስንት ርቆ እንደሚሠራ፣ ስንት አባወራ እንደሚኖርበት አስቀድሞ በሕግ ተጽፏል። ስለዚህ "ይቻላል ወይ?" የሚባለው ከመጀመሩ በፊት ነው። የአካባቢው አስተዳደር ቢሮ ሄዶ መጠየቅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ አያስከፍልም። ሳይጠይቁ ሠርቶ ማፍረስ ግን ያስከፍላል።

የማን አስተዳደር ሥር ናችሁ?

መሬት ላይ ምን እንደሚሠራ የሚወስነውን ሕግ "ዞኒንግ" ይሉታል፤ ለመላው አሜሪካ የሚሠራ አንድ የዞኒንግ ሕግ የለም። እያንዳንዱ ከተማ ወይም ካውንቲ (በስቴት ሥር ያለ የአስተዳደር ክልል) የራሱን ያወጣል። እዚህ ላይ የፖስታ አድራሻ ብዙ ሰው ያሳስታል። አድራሻቸው "አሌክሳንድሪያ" የሚል ብዙ ቤቶች ያሉት ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። የአሌክሳንድሪያ ከተማ ቢሮ ብትሄዱ "የኛ አይደለም" ብለው ይመልሷችኋል። የኛ ሰው የበዛበት ሲልቨር ስፕሪንግም የራሱ ማዘጋጃ ቤት የለውም፤ የሚያስተዳድረው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቤታችሁ የየትኛው አስተዳደር እንደሆነ ማረጋገጥ ነው። የካውንቲው ድረ ገጽ ላይ አድራሻችሁን ስታስገቡ ካርታ ይመጣል፤ ቦታችሁ ላይም "አር" በሚል ፊደል የሚጀምር መለያ ታያላችሁ። ያ መለያ የመኖሪያ ዞን መሆኑን ይነግራችኋል። መለያውን ከነቁጥሩ ያዙና በደንቡ ውስጥ ስለሱ የተጻፈውን ክፍል አንብቡ።

ጉዳዩ ዛሬ የመጣ አይደለም። ኒው ዮርክ ከተማ አጠቃላይ የዞኒንግ ደንብ ያወጣችው በ1916 ነው (የአሜሪካውን ዓመት ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። በ1926 ደግሞ ከክሊቭላንድ አጠገብ ያለችው የዩክሊድ መንደር ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ዞኒንግ ሕጋዊ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ አገሩን የሞላው የነጠላ ቤት ሰፈር ነው፤ አንድ ቦታ፣ አንድ ቤት፣ አንድ ቤተሰብ። ይህ አሠራር ድሃውንና ጥቁሩን ከሰፈር ለማራቅም አገልግሏል፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የድሮ ቤት ከገዛችሁ ሰነዱ ውስጥ "ለጥቁር አይሸጥም" የሚል ዓረፍተ ነገር ሊያጋጥማችሁ ይችላል። አትደንግጡ። በ1948 ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ውል አላስፈጽምም ብሏል፤ የ1968ቱ የቤቶች ሕግ ደግሞ ጨርሶ ከልክሎታል።

ከወሰን መራቅ

ከዚራን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ባቡሩ እዚህ ሲደርስ ከዚራ በመስመር ተሰምሮ ተሠራ፤ ቤቱ ከመንገዱ ገባ ይላል፣ ከፊቱ ዛፍ አለ። የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ መጋላ ስትገቡ ቤት ከቤት ተደግፎ ቆሟል። የአሜሪካ የነጠላ ቤት ሰፈር በሕግ የተጻፈ ከዚራ ነው። ከፊት 25 ጫማ፣ ከጎን 8 ጫማ፣ ከኋላ 20 ጫማ ባዶ ይተው የሚል ደንብ ማግኘት የተለመደ ነው። ይህን ባዶ ቦታ "ሴትባክ" ይሉታል። በዚያ ላይ ከቦታው ስንት መቶኛ በጣሪያ መሸፈን እንደሚቻልና የቤቱ ከፍታ ስንት እንደሚደርስ ይወሰናል። ቦታችሁ ሰፊ ስለሆነ ብቻ ቤት መቀጠል ትችላላችሁ ማለት አይደለም።

አጥር ላይ የኛ ሰው በጣም ይቸገራል። እኛ ግቢ ስንል ከሰው ቁመት ያለፈ ግንብና የብረት በር ነው የሚታየን። እዚያ ከቤቱ ፊት ለፊት ያለው አጥር በብዙ ቦታ ከ3 ወይም ከ4 ጫማ አይበልጥም፤ ይኸውም ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም። ከኋላ 6 ጫማ አካባቢ ይፈቀዳል። ቤቱ ማዕዘን ላይ ከሆነ የመኪና ነጂ እይታ እንዳይጋረድ ደንቡ የበለጠ ይጠብቃል። ቋሚ ለመትከል ከመቆፈራችሁ በፊት ደግሞ 811 ደውሉ። የመብራት፣ የጋዝና የስልክ መስመር የት እንዳለ መጥተው በቀለም ያሰምሩላችኋል፤ አገልግሎቱ በነጻ ነው።

ሼድ ማለትም የጓሮ ዕቃ ቤት ሌላው ወጥመድ ነው። ብዙ አካባቢ የሚከተለው የመኖሪያ ቤት ኮድ፣ ማለትም የግንባታ ደንብ፣ ከ200 ስኩዌር ጫማ ያልበለጠ ባለ አንድ ፎቅ ሼድ ያለ ግንባታ ፈቃድ እንዲሠራ ይለቃል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ልኩ 120 ነው። ሰው ይህን ሲሰማ "ነጻ ነው" ብሎ ወሰኑ ጥግ ላይ ያቆመዋል። የግንባታ ፈቃድ አያስፈልግም ማለት ግን የዞኒንግ ደንብ አይነካውም ማለት አይደለም። የወሰኑ ርቀት ለሼዱም ይሠራል።

የቤዝመንቷ መስኮት

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡልኝ፤ ነገሩ የሕይወት ነውና። አዲስ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው የዘመድ ወይም የአገር ልጅ ቤዝመንት ውስጥ ነው። ቤት የገዛውም ሞርጌጁን (የቤት ብድሩን) ለመደገፍ መጀመሪያ የሚያስበው ቤዝመንቱን ነው። ስለዚህ ተከራይም አከራይም ሜትር ይያዝ።

መኝታ ክፍል የሚባል ክፍል ሁሉ በእሳት ጊዜ ሰው የሚወጣበት፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛም ከነመሣሪያው የሚገባበት መስኮት ወይም ወደ ውጭ የሚወስድ በር ሊኖረው ይገባል። የመስኮቱ ደፍ ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ መሆን የለበትም፤ 112 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሲከፈት የሚገኘው ክፍት ቦታ ወርዱ ቢያንስ 20 ኢንች፣ ቁመቱ ቢያንስ 24 ኢንች፣ ስፋቱ ደግሞ ቢያንስ 5.7 ስኩዌር ጫማ ይሁን ይላል ኮዱ። የመስኮቱ ደፍ ከውጭው መሬት ብዙም ካልራቀ 5 ይበቃል። አሁን ልብ በሉ። 20 በ24 ብታባዙት የሚመጣው 3.3 ስኩዌር ጫማ ብቻ ነው። ሁለቱን ዝቅተኛ ልክ አሟልታችሁ መስኮቱ ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው። ወርዱ 20 ከሆነ ቁመቱ 41 ኢንች አካባቢ መድረስ አለበት። የሚለካው ደግሞ ፍሬሙ ሳይሆን መስኮቱ ተከፍቶ ሰው የሚያልፍበት ክፍተት ነው።

መስኮቱ ከመሬት በታች ከሆነ ከውጭ በኩል ጉድጓድ ይሠራለታል፤ የጉድጓዱ ስፋት ቢያንስ 9 ስኩዌር ጫማ፣ ጥልቀቱ ከ44 ኢንች ካለፈ መሰላል ጭምር። ጭስ ጠቋሚ በየመኝታ ክፍሉ ውስጥ፣ ከመኝታ ክፍሎቹ ውጭ፣ በየፎቁም ይደረጋል፤ ቤዝመንቱም ይቆጠራል። ጣሪያው ቢያንስ 7 ጫማ ይሁን።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ ማከራየት ሌላ ጥያቄ ነው። ለቤዝመንቱ ኩሽናና የተለየ መግቢያ ስትሠሩ በሕጉ ዓይን ሁለተኛ ቤት ሠርታችኋል። አንዳንዱ ካውንቲ ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ የኪራይ ፈቃድ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ይከለክላል። ዘመድ ያልሆኑ ስንት ሰዎች አብረው መኖር እንደሚችሉ የሚወስንም ብዙ ነው። ደስ የሚለው ነገሩ እየላላ መሆኑ ነው። ሚኒያፖሊስ በ2018 ባጸደቀችው ዕቅድ ነጠላ ቤት ብቻ የሚለውን ገደብ አንስታለች። ኦሪገን በ2019 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች። ካሊፎርኒያ ውስጥም ከ2022 ጀምሮ በብዙ የነጠላ ቤት ቦታ ሁለት ቤት መሥራት ይቻላል። ሰርቪስ ቤት ያማረህ ወንድሜ፣ ካሊፎርኒያ ከሆንክ ዕድልህ ጥሩ ነው።

ስለ ምጣድና ስለ ከሰል ሁለት ቃል ልጨምር። ከድሬ ይዛችሁ የሄዳችሁት ምጣድ በ220 ቮልት የሚሠራ ነው፤ እዚያ ተራው ሶኬት 120 ነው። ለምጣዱ የራሱ የ240 ቮልት መስመር ያስፈልገዋል፤ መስመሩን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ይዘርጋው፣ ለሥራውም ፐርሚት (ፈቃድ) ይውጣ። ከሰል ግን ጋራዥ ውስጥም ቢሆን አታቀጣጥሉ፣ በሩ ቢከፈትም። የድሬ ቤት በሙቀቱ ምክንያት ሁሌ ክፍት ነው፤ የእዚያ ቤት ብርድ እንዳያስገባ ተደፍኖ የተሠራ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው የማይሸተው መርዘኛ ጋዝ ቶሎ ይሞላል።

ፈቃድ፣ ኢንስፔክተርና ተቋራጭ

መሠረት ሲቆፈር ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ኢንስፔክተር ያያል። የእንጨቱ አጥንት ሲቆም፣ የመብራትና የውሃ መስመሩ ሲዘረጋ ደግሞ ግድግዳው ከመደፈኑ በፊት ያያል። ቸኩላችሁ ድራይዎል (የግድግዳ መሸፈኛ ሰሌዳ) ከመታችሁ ያስነቅላችኋል። መጨረሻ ላይ የማጠቃለያ ፍተሻ አለ። ለተቋራጩ የመጨረሻውን ክፍያ ከዚህ ፍተሻ በፊት አትስጡ፤ ይህንንም ውሉ ላይ አስገቡት።

አንዳንድ ተቋራጭ "ፐርሚቱን በስምህ አውጣው፣ ይረክሳል" ይላል። እሺ አትበሉ። በስማችሁ ከወጣ ኃላፊነቱ የናንተ ነው፤ ብዙ ጊዜም እንዲህ የሚለው ፈቃዱ የሌለው ሰው ነው። የተቋራጭን ፈቃድ ከስቴቱ ድረ ገጽ በስሙ ፈልጋችሁ ማየት ትችላላችሁ። ለኢንስፔክተር ደግሞ "ለሻይ" የሚባል ነገር እንዳታስቡት፤ ገንዘብ መዘርጋት ወንጀል ነው። በጉዳይ ገዳይ የሚያልቅ ነገርም የለም። ወረቀቱ ከተሟላ ያልፋል፣ ካልተሟላ ምን እንደጎደለ ጽፈው ይሰጧችኋል።

ያለ ፈቃድ መሥራታችሁን እንዴት ያውቃሉ ለምትሉ፦ ጎረቤት ይደውላል። እዚህ ጎረቤት ቅር ሲለው በር አንኳኩቶ ይናገራል፤ እዚያ ብዙዎቹ በቀጥታ ለካውንቲው ይነግራሉ። ሣር ከ12 ኢንች ሲያልፍ፣ መኪና ሣር ላይ ሲቆም፣ ለሰርግ ወይም ለለቅሶ መንገድ ላይ ድንኳን ሲተከል የሚደወልበት አገር ነው። ትልቅ ድንኳን በጓሮም ቢሆን ፈቃድ ሊጠይቅ ስለሚችል ቀድማችሁ ጠይቁ። ቤቱ ኤችኦኤ የሚባለው የነዋሪዎች ማኅበር ያለበት ከሆነ ሌላ ደንብ ይጨመራል፤ የበሩን ቀለም ሳይቀር ሊወስኑ ይችላሉ። የካውንቲው ፈቃድ የማኅበሩን አይተካም። ዞኒንግ በሌላት ሂውስተን እንኳ ሰፈሩን የሚገዛው በሰነድ ላይ የተጻፈ እንዲህ ያለ ገደብ ነው።

ስለ ጎርፍ

በኛ አቆጣጠር የ1998ቱን ክረምት የሚያስታውስ የድሬ ሰው ይህን ክፍል አይዘለውም። ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወሰደብን፤ ብዙዎቹ አሸዋው ዳር የነበሩ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ፌማ የሚባለው መሥሪያ ቤት የጎርፍ ካርታ አለው፤ አድራሻ አስገብቶ ማየት ይቻላል። በየዓመቱ ቢያንስ 1 መቶኛ የመጥለቅለቅ ዕድል ያለው ቦታ ከሆነ፣ በፌዴራል ቁጥጥር ሥር ያለ ባንክ ያለ ጎርፍ ኢንሹራንስ አያበድርም። ተራው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም። የምታድሱበት ዋጋ ከቤቱ ግምት ግማሹን ከደረሰ ደግሞ ቤቱን በሙሉ ወደ ዛሬው የጎርፍ ደንብ እንድታመጡት ትገደዳላችሁ፤ ከፍ አድርጎ መሥራት ሊሆን ይችላል። ቤት ስታዩ ክረምት ከበጋ የሚፈስ ጅረት ባታዩም ካርታውን እዩ። ደቻቱም በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው።

ደንቡ ካልፈቀደላችሁ "ቫሪያንስ" የሚባል ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል። ክፍያ አለው፣ ጎረቤት ተጠርቶ ሐሳብ ይሰጥበታል፣ የቦታው ቅርጽ ወይም ተዳፋትነት ችግር እንደፈጠረባችሁ ማሳየት ይኖርባችኋል። ቤተሰቤ ሰፋ ማለት ብቻውን ብዙም አያስኬድም።

እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አትፈሩ። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ ከሚገለገሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ሌሎችም ብዙ ካውንቲዎች በስልክ አስተርጓሚ ያቀርባሉ። ስልኩ ሲነሳ "አማሪክ" ብላችሁ ጠብቁ፣ የቤቱን አድራሻና ስትገዙ የተሰጣችሁን የቦታ ልኬት ወረቀት አጠገባችሁ አድርጉ።