ስሙ የጠፋ የድሮ ራዲዮ ዕቃ፦ ችግርና መፍትሄ

ደሴ ውስጥ ራዲዮ ስጠግን ከሁሉ የሚቆጨኝ፣ «ይህ ምንነቱ አይታወቅም» ተብሎ ተነቅሎ የተጣለ ዕቃ ነው። የዕቃው ማንነት አብዛኛውን ጊዜ በላዩ ላይ ተጽፏል፤ ጽሑፉ ቢጠፋም ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያው) ይናገራል። ከመንቀላችሁ በፊት ግን የቦርዱን ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሱ። ከየት እንደተነቀለ ያልታወቀ ዕቃ ግማሽ ማስረጃው አብሮት ጠፍቷል።

ችግር፦ በደሴ የጠዋት ብርድ ደህና የነበረው ራዲዮ ኮምቦልቻ ሲወርድ፣ ቀትር ላይ ድምፁ ይሻክራል፣ ይታፈናል።

ምክንያት፦ ድንጋዩ አዲስ ከሆነ ትራንዚስተሮቹን፣ ማለትም ድምፁንና ሞገዱን የሚያጎሉትን ትናንሽ ባለ እግር ዕቃዎች፣ ጠርጥሩ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ ከተሠሩት ብዙዎቹ የጀርማኒየም ናቸው። ጀርማኒየም ተዘግቶ እያለም ጥቂት ኤሌክትሪክ ያሾልካል፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ይህ ፍሳሽ በግምት እጥፍ ይሆናል። በአውሮፓ ስያሜ የመጀመሪያው ፊደል «ኤ» ከሆነ ጀርማኒየም፣ «ቢ» ከሆነ ሲሊከን ነው። ሁለተኛው ፊደል ሥራውን ያሳያል፦ «ሲ» ለድምፅ፣ «ዲ» ለከባድ የድምፅ ኃይል፣ «ኤፍ» ለሞገድ። ስለዚህ ኤሲ 128 የጀርማኒየም የድምፅ ትራንዚስተር ነው። ኦሲ 71 ከዚህ ስያሜ የቀደመ ነው፤ የብርጭቆ አካሉ ጥቁር የተቀባው ብርሃን ስለሚረብሸው ነው። ጽሑፉ ከጠፋ ዕቃውን ነቅላችሁ ቴስተሩን የዳዮድ መለኪያው ላይ አድርጉና ቤዝ የሚባለውን እግር ኤሚተር ከሚባለው እግር ጋር ለኩ፤ ከ0.2 እስከ 0.3 ቮልት ካሳየ ጀርማኒየም፣ ከ0.6 እስከ 0.7 ካሳየ ሲሊከን ነው።

መፍትሄ፦ በጀርማኒየም ቦታ ሲሊከን ዝም ብላችሁ አትበይዱ። ሲሊከን ለመከፈት የሚፈልገውን ቮልት ያ ቦርድ አይሰጠውም፤ ድምፁ ከበፊቱ የባሰ ይሰነጣጠቃል። ከሞተ ራዲዮ ተመሳሳዩን ፈልጉ፤ መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለቱን የድምፅ ትራንዚስተሮች ደግሞ አንድ ላይ ቀይሩ። የማቀዝቀዣ ቆርቆሮ ከነበራቸው መልሱላቸው። ብዙ ሰው እንደ ትርፍ ነገር ይጥለዋል፤ ለኮምቦልቻ ፀሐይ ግን የግድ ያስፈልጋል።

ችግር፦ ራዲዮው ይበራል፣ ይሾካሾካል፣ ጣቢያ ግን አይዝም። ውስጡ አራት እግር ያለው የቆርቆሮ ትራንዚስተር አለ።

ምክንያት፦ ኤኤፍ 117 ወይም ከ114 እስከ 116 ካሉት ወንድሞቹ አንዱ ሊሆን ይችላል። አራተኛው እግር ከቆርቆሮው ጋር የተያያዘ መከለያ ነው። በዘመናት ውስጥ ከቆርቆሮው የውስጥ ግድግዳ እንደ ፀጉር የቀጠነ ብረት እያደገ ሌሎቹን እግሮች ይነካል። ይህን ዕቃ «ሞቷል» ብሎ መጣል ያሳዝነኛል፤ ብዙ ጊዜ አልሞተምና።

መፍትሄ፦ ነቅላችሁ ከመከለያው ወደ ሦስቱ እግሮች ለኩ። ከአንዱ ጋር ብቻ ከተነካካ የመከለያውን እግር ቁረጡት፤ ራዲዮው ሊመለስ ይችላል። ሁለት እግሮች ከነኩ መቁረጡ አይበቃም፣ ቀይሩት። መታ መታ አድርጎ ማስነሳት ለጊዜው ይሠራል፣ ፀጉሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል።

ችግር፦ የተጻፈው ቁጥር በየትኛውም ዝርዝር አይገኝም።

ምክንያትና መፍትሄ፦ 7425 ካለ የተሠራበት ቀን ሊሆን ይችላል፦ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1974 25ኛ ሳምንት። ሌላውን መስመር አንብቡ። በጃፓን ዕቃ ላይ «ሲ 1815» ካያችሁ ከፊቱ «2ኤስ» ተዘሏል፤ ሙሉ ስሙ 2ኤስሲ 1815 ነው። እዚህ ከ«2ኤስ» ቀጥሎ ያለው ፊደል የትራንዚስተሩን ዓይነት ያሳያል፤ «ኤ» እና «ቢ» ፒኤንፒ፣ «ሲ» እና «ዲ» ደግሞ ኤሌክትሪኩ በተቃራኒው የሚሄድበት ኤንፒኤን ማለት ናቸው። ከአውሮፓው «ኤ» ጋር እንዳታምታቱት።

ችግር፦ ጠፍጣፋ፣ ባለ ቀለም መስመር ነው፤ ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚገታ ዕቃ) ይመስላል፣ ቴስተር ግን ምንም አያነብም።

መፍትሄ፦ ብዙ ጊዜ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ነው። በእርግጥ ሬዚስተር ከሆነና ከቀለሙ በላይ ካነበበ፣ የድሮው ካርቦን ከዕድሜ ጋር ስለሚጨምር ነው፤ አንድ እግሩን ከቦርዱ አውጥታችሁ ደግማችሁ ለኩት፣ ከዚያም በቀለሙ በተጻፈው ዋጋ አዲስ አስገቡ።