ጧሪ እንዲያርፍ፦ አዛውንትን ለጥቂት ቀናት ሌላ ቤት ማቆየት

እናት ወይም አባት የሚጦር ሰው ሌሊቱን በደንብ ከተኛ ወራት ካለፉት፣ አዛውንቱን ዘመድ ቤት ወይም በክፍያ የሚቀበል የታመነ አስታማሚ ዘንድ ለጥቂት ቀናት ማቆየት ነውር አይደለም። ነውሩ ሳይነግሯቸው መውሰድ ነው። የሚመለሱበትን ቀን በለመዱት ቆጠራ ንገሯቸው፤ «ለሚካኤል ሄደው ለማርያም ይመለሳሉ» ቢባሉ 9 ቀን መሆኑን ራሳቸው ያሰሉታል። ቀኑን አታሳልፉ።

መጀመሪያ ለቡና ሄደው ግማሽ ቀን ይዋሉ፤ በሌላ ሳምንት አንድ ሌሊት ይደሩ፤ ረጅሙ ቆይታ ከዚያ በኋላ ይሁን። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር በጀልባ የሚመጡ ከሆነ ጣና ነፋስ ሳያነሳ በጠዋት ይሳፈሩ።

መድኃኒቱ ለ9 ቀን ቆይታ የ12 ቀን ይሁን፤ ከነካርቶኑ፣ የሚወሰድበት ሰዓት በወረቀት ተጽፎ። ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ ምግቡ ሳይቀርብ አይወጉ። ጾም ላይ ከሆኑ ደግሞ ከመሄዳቸው በፊት ሐኪማቸውን አማክሩ፤ ተቀባዩ እሳቸውን አሳምኖ ማስፈሰክ አይችልም።

አብዛኛው ችግር የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሌሊቶች ነው። ሽንት ቀስቅሷቸው ሲነሱ እጃቸው የለመዱትን በር ፍለጋ ባዶ ግድግዳ ይዳብሳል፤ ያን ጊዜ ይወድቃሉ። ስለዚህ አልጋው እንደ ቤታቸው በዚያው ጎን ግድግዳ ይያዝ፤ ደብዛዛ መብራት ይደር፤ ፖፖው እጃቸው የሚደርስበት ይቀመጥ፤ የሚለብሱት የራሳቸው ጋቢ ይሁን። ባሕር ዳር ወባ ስላለ አጎበር ግዴታ ነው፤ ግን ጫፉ ወለል ላይ ከተጎተተ እግር ያጠላልፋል፤ ፍራሹ ሥር ይወተፍ። ድንገት መቀባዠር ወይም ትኩሳት ከመጣ «እርጅና ነው» ተብሎ አይታለፍ፤ ወባም የሽንት ኢንፌክሽንም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይመርመሩ።

ሰው ላለማስቸገር ሲሉ ውኃ መጠጣት ይቀንሳሉ። «ውኃ ልስጥዎ?» ብትሏቸው «ይቅር» ነው መልሳቸው፤ ግማሽ ብርጭቆ እጃቸው ላይ ማስያዝ ይሻላል።

ከአልጋ የማይነሱ ከሆነ በየ2 ሰዓቱ ይገላበጡ። ቁስል ሲጀምር በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይታይ ተረከዝ፣ ዳሌና ከወገብ በታች ያለውን አጥንት በእጅ ዳሱ፤ ከአካባቢው የጠቆረ፣ የሞቀ ወይም የጠጠረ ቦታ ካለ በዚያ ጎን አታስተኟቸው።

ጧሪው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አይሂድ፤ ይተኛ። በቀን አንዴ፣ በተወሰነ ሰዓት መደወል ይበቃል። ሊመልሳቸው ሲሄድ ከተቀባዩ ጋር ሆኖ ቆዳቸውን ይይ፤ የተረፈውንም ኪኒን ይቁጠር፤ ከ3 ቀን በላይ ከተረፈ የተዘለለ አለ ማለት ነው።