ኦቴሎን ስትሰሩ የሚበላሹ ነገሮች (እኛ ሀዋሳ ላይ አበላሽተን ያየናቸው)

ባለፈው ክረምት ሀዋሳ ውስጥ ከሰፈር ልጆች ጋር የሼክስፒርን ትያትር ኦቴሎን፣ ሙሉውን ባይሆንም ዋና ዋናዎቹን ትዕይንቶች አጥንተን አሳይተን ነበር፣ አዳራሽ ስላላገኘን አንድ ግቢ ውስጥ ሸራ ወጥረን፣ ወንበር ከሰርግ ዕቃ አከራይ አምጥተን ምናምን። ሁለት ቀን አሳየን። የመጀመሪያው ቀን ሰው ሳቀብን። ትራጄዲ ላይ ሰው ከሳቀ ደሞ ጥፋቱ የተመልካቹ አይደለም። በማግስቱ አሞራ ገደል ሄደን የአሳ ሾርባ እየጠጣን የት የት ጋ እንዳበላሸን አንድ በአንድ ተነጋገርን፣ እሱን ነው የምጽፍላችሁ፣ በክለብም በትምህርት ቤትም ልትሰሩት ያሰባችሁ ካላችሁ።

ታሪኩን ለማታውቁት፣ ኦቴሎ የቬኒስ ጦር አዛዥ የሆነ ጥቁር ሰው ነው፣ ከስሩ ያለው ኢያጎ ሚስትህ ዴስዴሞና ከምክትልህ ከካሲዮ ጋ ትማግጣለች ብሎ ያሳምነውና እሷን ያስገድለዋል። ትልቁ ስህተት ኢያጎን ገና ሲገባ ክፉ አርጎ ማሳየት ነው። የኛው ልጅ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ኮሌታውን አቁሞ፣ ሳል የመሰለች ሳቅ እየሳቀ ገባ። እንዴ! እንደዛ አይነቱን ሰው ማን ያምናል? ትያትሩ ውስጥ እኮ ሁሉም «ታማኙ ኢያጎ» ነው የሚለው፣ ኦቴሎ ብቻ ሳይሆን ካሲዮም ዴስዴሞናም፣ እሷን የሚመኘው ሮድሪጎማ ለዴስዴሞና አድርስልኝ ብሎ ጌጣጌጡን ሳይቀር አስረክቦታል። ተመልካቹ ክፉነቱን ከፊቱ ካነበበ ኦቴሎ ጅል ሆኖ ይቀራል፣ ጅል ሲሞት ደሞ ማን ያለቅሳል። ስለዚ በሁለተኛው ቀን መነጽሩን አስወልቀን «አንተ በቃ የሰፈሩ እቁብ ሰብሳቢ ነህ» አልነው። ሰው ብሩን ሳይቆጥር የሚሰጠው፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠራ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ለመትከል ማንም የማይቀድመው። ልጁ ወዲያው ገባው። ክፋቱን ብቻውን ሲቀር ለተመልካቹ ይናገራል አይደል፣ እሱ ይበቃል።

ሁለተኛው መሮጥ ነው። ሦስተኛው ገቢር፣ ትዕይንት ሦስት። ኦቴሎ ሲገባ ሚስቱን የሚያመልክ ሰው ነው፣ ሲወጣ ሊገላት የቆረጠ። ሼክስፒር ለዚህ ከ400 መስመር በላይ ሰጥቶታል፣ እኛ ይረዝማል ብለን በሰባት ደቂቃ ጨረስነው፣ ሰው የሳቀውም እዚህ ጋ ነው፣ ልክም ነበር። ኢያጎ እኮ መጀመሪያ ላይ ምንም አይልም። ካሲዮ ከዴስዴሞና ጋ ቆይቶ ሹልክ ብሎ ሲሄድ ያይና እንዳመለጠው ነገር «ይሄስ ደስ አላለኝም» ይላል። ምን አልክ ሲባል፣ ኧረ ምንም ጌታዬ። ከዛ ጥያቄ ብቻ። ኦቴሎ ስለ ካሲዮ «ታማኝ አይደለም እንዴ?» ሲለው «ታማኝ ጌታዬ?» ብሎ ቃሉን ራሱን ይመልስለታል። ይሄን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ቡና ላይ «ልነግርሽ ነበር... ኧረ ተዪው ይቅር» ያለችሽ ጎረቤት ጨርሳ እስክትነግርሽ እንቅልፍ ይወስድሻል? ለማኙ ኦቴሎ ነው፣ ንገረኝ እያለ ነው መርዙን የሚጠጣው። ስለዚ ዝምታዎቹን አትቁረጡ። በሁለተኛው ቀን «ኧረ ምንም» ካለ በኋላ አምስት እስኪቆጥር ዝም እንዲል አደረግነው፣ ግቢው ውስጥ የጄኔሬተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ፣ ከዛ ከኋላ አንዲት እናት ጮክ ብለው «አትስማው የኔ ልጅ!» አሉ። ከዛ ወዲያ ማንም አልሳቀም።

በነገራችን ላይ የሎሬት ጸጋዬ ገብረመድህንን ትርጉም የምትጠቀሙ ከሆነ ቋንቋው ራሱ ከባድ ነው ያምራልም፣ ግን እንደ ግጥም ምሽት አታንብቡት፣ ሰው ከሰው ጋር እያወራ ነው።

«ኦቴሎ በተፈጥሮው ቅናተኛ ስለሆነ ነው» ብሎ መጀመርም ያው ያበላሻል። የኛ ኦቴሎ ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ ፊቱን ቋጥሮ ሚስቱን በጎን እያየ ነበር፣ ታዲያ ኢያጎ ምን ሥራ ተረፈው? ለኔ ይሄ ትያትር ከቅናት በፊት የማመን ጉዳይ ነው፣ ሰውየው ያመነው የተሳሳተውን ሰው ነው። ጦር ሜዳ ያውቃል፣ የቬኒስን ጓዳ ግን አያውቅም፣ ኢያጎም ይሄንኑ አለማወቁን ይዞ የሀገሬን ሴቶች ጠባይ እኔ ነኝ የማውቀው ይለዋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ የዴስዴሞና አባት ብራባንሲዮ በመጀመሪያው ገቢር አባቷን አታላለች፣ አንተንም ልታታልል ትችላለች ብሎት ይወጣል። ኢያጎ እዛው ቆሟል። በሦስተኛው ገቢር አባቷን አታላ አይደል ያገባችህ ብሎ ያችኑ ቃል ይመዝበታል። ስለዚ ብራባንሲዮን የሚጫወተው ሰው እሷን መስመር እንዳያጉረመርማት፣ ኢያጎም ሲሰማት ይታይ።

መሀረቡ! በመጀመሪያው ቀን ሶፍት ነበር የያዝነው፣ አፍሬ ነው የምነግራችሁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለ ሰው ምን እንደሆነ እንኳን አላየም። ይሄ መሀረብ እናቱ ስትሞት የሰጠችው፣ እሱም ለዴስዴሞና የመጀመሪያ ስጦታ ያደረገላት፣ እንጆሪ የተጠለፈበት ነው፣ ከሩቅ መታወቅ አለበት ምክንያቱም ከእጅ እጅ ይዞራል፦ ኤሚሊያ አንስታ ለባሏ ለኢያጎ፣ ኢያጎ ካሲዮ ክፍል ውስጥ ጥሎት፣ ካሲዮ ጥልፉን ቅጂልኝ ብሎ ለወዳጁ ለቢያንካ፣ ቢያንካ ደሞ ተናዳ ስትመልስለት ኦቴሎ ተደብቆ ያያል። እኛ ጥልፍ የምትሰራ አንዲት እህት ነጭ ላይ ቀይ አድርጋ ሰራችልን፣ ግማሽ ጋቢ ያክላል ብለው ሳቁብን ግን ታየ። ከሁሉም በላይ ግን አወዳደቁን አስተካክሉ። ዴስዴሞና አልጣለችውም እኮ! ራሴን አመመኝ ሲላት ልታስርለት ስትል ትንሽ ነው ብሎ በእጁ የገፋው ራሱ ኦቴሎ ነው። የኛዋ ልጅ ዝም ብላ ከእጇ ለቀቀችው፣ ሲያልቅ ሰው ምን አለ፣ «እሷም ዕቃዋን አትይዝም»። አያችሁ?

እሷን ደሞ የምታለቅስ በግ አታድርጓት። በቬኒስ ሹማምንት ፊት ቆማ ባሌን መርጫለሁ፣ አብሬው ቆጵሮስ እሄዳለሁ ያለች ሴት ናት። ኤሚሊያም ጭራ አይደለችም። ዴስዴሞና መሀረቤ የት ገባ ስትላት አላውቅም ትላለች፣ እያወቀች። እዛች ጋ ፊቷን ለተመልካቹ አዙሩት።

ቀለሙ ላይ ብዙ ተጨቃጨቅን። እኛ ሁላችንም ሀበሻ ነን፣ ኦቴሎ ባይተዋር መሆኑ በምን ይታወቅ? አንዱ ሌሎቹን ነጭ ቀለም እንቀባ አለ፣ አንዱ ደሞ ኦቴሎን የሆነ ብሔረሰብ አነጋገር እናስይዘው፣ ሁለቱንም እምቢ አልኩ፣ ሁለተኛው በተለይ ግቢውን ወይ ሳቅ ወይ ጠብ ነበር የሚያደርገው። እንግሊዝ ውስጥ እኮ ነጭ ተዋንያን ፊታቸውን እየቀቡ ነው ለዘመናት የሰሩት፣ ጥቁሩ አሜሪካዊ አይራ ኦልድሪጅ እ.ኤ.አ. በ1833 ኮቨንት ጋርደን የሚባለው የለንደን ትያትር ቤት ላይ ኦቴሎን ሲጫወት የለንደን ጋዜጦች ዘልፈውታል፣ ሌላው ጥቁር አሜሪካዊ ፖል ሮብሰን ኒውዮርክ ብሮድዌይ ላይ የሰራው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው፣ 296 ጊዜ ታየ። መልሱ ጽሑፉ ውስጥ ነበር። በመጀመሪያው ትዕይንት ስለሱ ነው የሚያወሩት ግን ስሙን አንድም ሰው አይጠራም፣ «ሙሩ» ነው የሚሉት፣ አፍሪካዊው እንደማለት። ስለዚ ሌሎቹ ሁሌ አንድ ላይ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፣ እሱ ሲመጣ ቦታ ይለቁለታል፣ በአክብሮት፣ ግን አጠገቡ ማንም አይቀመጥም። በቃ ይሄው ነው፣ ያለ ቀለም።

የመጨረሻው፣ ለኢያጎ ምክንያት መፈለግ። ምክንያት አጥቶ አይደለም፣ ሹመቱን ካሲዮ ወሰደብኝ ይላል፣ ኦቴሎ ከሚስቴ ጋ ሳይተኛ አልቀረም ይላል፣ አንዱ ሲሰለቸው ሌላ ያመጣል። ሲያዝ ግን ለምን እንዳደረገው ሲጠየቅ ምንም አትጠይቁኝ፣ የምታውቁትን ታውቃላችሁ፣ ከአሁን በኋላ ቃል አልናገርም ብሎ ዝም። ከኛ ልጆች አንዱ ይሄ አልዋጥልህ ብሎት አንድ ገጽ ሙሉ የኑዛዜ ንግግር ጽፎ መጣ፣ ልጅነቴ ተበድዬ፣ እናቴ ምናምን። በመጀመሪያው ቀን አስገባነው፣ ሰው ስልኩን አወጣ። በሁለተኛው ቀን ቆረጥነው። ኢያጎ እጁን የፊጥኝ ታስሮ ዝም ብሎ ቆመ፣ ፊት ለፊት የተቀመጠ አንድ ትንሽ ልጅ «ለምን አይናገርም?» ብሎ አባቱን ጠየቀው፣ አባትየውም አልመለሰለትም። ንግግሩን የጻፈው ልጅ እስካሁን አኩርፎኛል።