ላዩ ጥብስ፣ ውስጡ ጥሬ፦ ጓደኞች ለበዓል ሲጠሩ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ጋዙ አላለቀም ወይ፣ ኦቨኑ ተሰክቷል ወይ ብዬ አልጠይቃችሁም። እሱን እንዳያችሁ እቆጥረዋለሁ። ይሄ ጽሑፍ ጓደኞቻችሁን ለበዓል ምሳ ጠርታችሁ፣ ግማሾቹ ሳሎን ገብተው እየሳቁ፣ እናንተ ማድ ቤት ውስጥ ድስት ላይ አፍጥጣችሁ «ምን ጉድ ነው የገባሁበት?» ለምትሉባት ሰዓት ነው። የብዙ ጓደኛ ማድ ቤት ገብቼ ከእንዲህ ያለ ጉድ አውጥቻለሁ። የራሴንም ስንት ጊዜ አበላሽቻለሁ። አብዛኛው ችግር ሁለት ሦስት መስመር ይበቃዋል። አንዱ ግን በየበዓሉ ይመለሳል፤ እሱ ላይ ቆየት እንላለን።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

ስጎው ጨው በዛበት

መጀመሪያ ላይ ቀምሳችሁ አስተካከላችሁት። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲንተከተክ ውሃው ተነነ፣ ጨው ግን አይተንም። «ድንች ጣሉበት» የሚል ሰው መቼም አይጠፋም። ድንቹ ጨዋማውን ውሃ ይጠጣል እንጂ ጨዉን ለይቶ አያወጣላችሁም፤ የቀረው ስጎ ያው ነው። ጨው የሌለው ቲማቲም ወይም ውሃ ጨምሩና አብዙት። ካልሆነም ሩዙን ወይም ፓስታውን ያለ ጨው ቀቅላችሁ አብራችሁ አቅርቡ። ከዛሬ ጀምሮ ግን ጨው መጨረሻ ላይ ይስተካከል።

ስጎው ጓጎለ

ዱቄት በቀጥታ የፈላ ነገር ላይ በትናችኋል። በወንፊት አጥልሉት። ሌላ ጊዜ ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩ።

ሰላጣው ውሃ ለቀቀ

ጨውና ሎሚ ቀድማችሁ አድርጋችሁበታል። ውሃውን አፍስሱት። ማጣፈጫው ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው የሚደረገው።

ሩዙ ከታች ገንፎ፣ ከላይ ጥሬ ሆነ

ለአራት ሰው የምትሠሩትን ለ12 ሰው ስትሠሩ ሩዙንም ውሃውንም በሦስት አባዛችሁ። ድስቱ ግን ያው አንድ ነው፣ የሚተነው ውሃም በሦስት አይባዛም። ስለዚህ ውሃው ይተርፋል፣ የታችኛው ሩዝ በላይኛው ክብደት ይጨፈለቃል፣ የላይኛው ደግሞ እንፋሎት በደንብ ሳይደርሰው ይቀራል። አታማስሉት፣ ይብስበታል። ሰፊ ትሪ ላይ ዘርጉት፣ ጥሬ የሆነው ላይ ትንሽ የፈላ ውሃ እርጩበት፣ በፎይል ጥብቅ አድርጋችሁ ሸፍኑና ኦቨን ውስጥ 10 ደቂቃ ያህል አቆዩት። በሚቀጥለው ሁለት ድስት ጣዱ። ሁለት ድስት ማጠብ አይገድልም።

ዶሮው ላዩ ተጠብሶ ውስጡ ጥሬ ነው

ይሄ ነው በየበዓሉ ስልኬን የሚያስጮኸው። ሙሉ ዶሮ ኦቨን ገብቷል። ቆዳው ወርቅ መስሏል፣ ሽታው ሳሎን ደርሷል፣ ሰው ሁሉ «ኡ!» ብሏል። ታፋው ሥር ቢላ ስትሰኩ ግን ሥጋው ላስቲክ ነው። የሚወጣው ፈሳሽም ሮዝ። ሰዓቱ ደግሞ 8 ሊሆን ነው፣ እንግዳ የመጣው 6 ተኩል ላይ።

መጀመሪያ እውነት ጥሬ መሆኑን እናረጋግጥ፣ ምክንያቱም ዓይን እዚህ ላይ ይዋሻል። በወጣት ዶሮ የአጥንቱ መቅኔ ቀለም ወደ ሥጋው ስለሚወጣ፣ አጥንት ዳር ያለው በደንብ በስሎም ቀይ ሊሆን ይችላል። «ፈሳሹ ጠራ» የሚባለውም ቢሆን እርግጠኛ ምልክት አይደለም። የሚያረጋግጠው ቴርሞሜትር ብቻ ነው። ወፍራሙ የታፋ ሥጋ ላይ፣ አጥንት ሳይነካ፣ አንዴ። ደረቱ ወፍራም ቦታ ላይ ደግሞ አንዴ። ሁለቱም 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካሉ በስሏል፤ ቀለሙ ምንም ይሁን ምን።

ቴርሞሜትር ስል ደግሞ እባካችሁ መርፌው የማይነቃነቅ አሻንጉሊት አትግዙ። አንድ ጓደኛዬ ቤት ያለው ጥሬ ሥጋ ውስጥም፣ ጠረጴዛ ላይም፣ እጅ ላይም ያው 60 ነው የሚለው። ሦስት በዓል አምኖት ኖሯል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ብርጭቆ በረዶ ሙሉበት፣ ውሃ ጨምሩ፣ አማስሉ፣ ክተቱት። ዜሮ ወይም ለዜሮ በጣም የቀረበ ማለት አለበት። በፈላ ውሃ የምትፈትኑ ከሆነ ግን ከፍታ ቦታ ላይ ውሃ ከ100 በታች እንደሚፈላ አትርሱ፤ ደህናውን ዕቃ እንዳትጥሉ።

አሁን ምክንያቱ። ሦስት ነው፣ አንዳንዴ ሦስቱም በአንድ ቤት ይገናኛሉ።

አንደኛው በረዶው አለመልቀቁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ይሄ ነው። ባለቤቱ «ጠዋት አውጥቼዋለሁ እኮ!» ይላል። ጠዋት ወጥቶ ቀን የሚበላ የቀዘቀዘ ሙሉ ዶሮ የለም። ሁለት ኪሎ የሚሆን ዶሮ ፍሪጅ ውስጥ በረዶው እስኪለቅ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። እኔ ሁለት ቀን ነው የምሰጠው። አንድ ጊዜ የተጠራሁበት ቤት ዶሮው ላዩ እንደ ትራስ ለስልሶ ነበር። እጄን ሆዱ ውስጥ ስከት የሆድ ዕቃው የታሸገባት ትንሽ ከረጢት ከጎድን አጥንቱ ጋር በበረዶ ተጣብቃ አገኘኋት። ያውም ኦቨን ውስጥ 50 ደቂቃ ከቆየ በኋላ! ሰውየው ከረጢት እንዳለበት እንኳ አያውቅም። ስለዚህ ሁልጊዜ፣ ኦቨን ከመግባቱ በፊት፣ እጃችሁን ክተቱ። የበረዶ ፍንጣሪ ከዳሰሳችሁ አልለቀቀም። ከረጢት ካለ አውጡ። ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

የቸኮላችሁ ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ አለላችሁ። ዶሮው ውሃ በማያስገባ ፌስታል ይታሸግ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይነከር፣ ውሃው በየ30 ደቂቃው ይቀየር። ለአንድ ኪሎ አንድ ሰዓት ገደማ አስቡ፣ እንደለቀቀም ወዲያው ይብሰል። ሙቅ ውሃ አይሆንም። ጠረጴዛ ላይ ማሳደርም አይሆንም፤ ውስጡ በረዶ ሆኖ ላዩ ባክቴሪያ ሲያራባ ነው የሚያድረው። «እናቴ ሁሌ እንዲህ ነበር የምታደርገው» የሚለውን ሰምቻለሁ። አሁንም አይሆንም።

ሁለተኛው ምክንያት ኦቨኑን ሻንጣ ማድረግ ነው። ሁለት ዶሮ መሐል፣ የድንች ትሪ ከታች፣ ዳቦ ከላይ፣ ጥግ ላይ ደግሞ «እግረ መንገዱን ይሙቅ» የተባለ ሳህን። ኦቨን የሚያበስለው አየሩ ሲዘዋወር ነው። መተላለፊያ ከሌለው ላይኛው ይቃጠላል፣ መሐሉ ይቀራል፣ ድንቹም መጠበሱን ትቶ ይቀቀላል። እኔ ራሴ ለ14 ሰው ልሠራ ትልቅ ትሪ ተውሼ አውቃለሁ። ሁለቱንም የኦቨን ግድግዳ ነክቶ ነው የገባው። ልክክ ማለቱ ደስ ብሎኝ ነበር! የታችኛው ሙቀት ከትሪው ሥር ታፍኖ ቀረና የዶሮዎቹ ጀርባ ከሁለት ሰዓት በኋላም ነጭ ነበር። ትሪው ዙሪያ ቢያንስ ሁለት ጣት ክፍተት ተዉ። የኦቨኑን ወለል በፎይል የምታለብሱም አቁሙ።

ሦስተኛው ኦቨኑ ራሱ ነው። ማዞሪያው 200 ይላል፣ ውስጡ 165 ነው። አንድ ቤት የበሩ ጎማ ተቀዶ ባለቤቷ በሩን በታጠፈ ፎጣ ደግፋ ነበር የምትጠቀመው፤ ከዚያ «ዶሮው ነው ችግሩ» ትለኛለች። ፎጣ ኦቨን በር ላይ እሳት ነው፣ በቃ። ጎማው ይቀየር። ውስጡ የሚቀመጥ የኦቨን ቴርሞሜትር ግዙና እውነተኛውን ሙቀት እወቁ። በሩን በየአምስት ደቂቃው መክፈትም ያው ነው፤ በከፈታችሁ ቁጥር ሙቀቱ ይወጣል። መክፈቱን የሚያበዛው ደግሞ አብሳዩ ሳይሆን «እስቲ ልየው» እያለ የሚመላለሰው እንግዳ ነው። ብርጭቆ አስይዛችሁ ወደ ሳሎን መልሱት።

መፍትሄው፣ አሁን፣ እንግዳ ተቀምጦ እያለ፦ ዶሮውን ሙሉውን መልሳችሁ አትክተቱት። ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በልቱት። ኦቨኑን 220 አድርጉት፣ ሌላውን ሁሉ አውጡ። ሁለቱን እግሮች ከነታፋቸው በመገጣጠሚያው በኩል ለዩ፤ ቢላ ሳትታገሉ እግሩን ወደ ውጭ ብትገፉት መገጣጠሚያው ራሱ ቦታውን ያሳያችኋል። ደረቱን ከአጥንቱ ግራና ቀኝ አውርዱ። ደረቱ 74 ደርሶ ከሆነ በፎይል ሸፍናችሁ አስቀምጡት፤ ድጋሚ ከገባ ካርቶን ይሆናል። ያልበሰለውን ዝርግ ትሪ ላይ፣ ቆዳው ወደ ላይ ሆኖ፣ ሳይነካካ ደርድሩት። ከ15 እስከ 25 ደቂቃ ይፈጃል። ሙሉው ሌላ አንድ ሰዓት የሚፈልገው ነገር በየብልቱ ተለያይቶ ሲዘረጋ በዚህ ያልቃል። እያንዳንዱን ቁራጭ በቴርሞሜትር እዩ፣ አንዱን አይታችሁ ለሁሉም አትፍረዱ።

ትሪው ላይ የቀረውን ሮዝ ፈሳሽ በበሰለው ላይ እንዳታፈሱት። በትንሽ ድስት በደንብ አፍሉትና ስጎ አድርጉት፣ ይጣፍጣል። ቢላውንና መክተፊያውን በሳሙና እጠቡ፣ ከዚያ ነው ሌላ ነገር የሚቆረጥበት። መክተፊያው ሳይታጠብ ሰላጣ ተከትፎበት ከሆነ ደግሞ፣ ሰላጣውን ጣሉት። አትዘኑለት።

አንዷ ጓደኛዬ ግን አልበልትም አለች፣ ሙሉው ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ፎቶ መነሳት አለበት። ሦስት ጊዜ አውጥታ ሦስት ጊዜ መለሰችው። 10 ሰዓት ላይ በላን። ደረቱ ጠመኔ ሆኖ ነበር፣ ዳቦው አልቋል፣ ሁለት ሰው ሄዷል። ፎቶው ግን ያምራል።

ለሚቀጥለው ከመነሻው የጀርባውን አጥንት በጠንካራ መቀስ ቆርጣችሁ አውጡና ዶሮውን ደረቱ ላይ ተጭናችሁ ዘርጉት። እንዲህ የተዘረጋ መካከለኛ ዶሮ 220 ላይ 45 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል፣ እኩልም ይበስላል። ወይም ሙሉ ዶሮ ተዉና ታፋ ብቻ ግዙ። እስካሁን «ለምን ታፋ ብቻ?» ብሎ የተቆጣ እንግዳ አላየሁም።

ሁሉም ነገር ቀዝቅዞ ቀረበ

የምግቡን ዓይነት ቆጥራችኋል፣ ምድጃውን አልቆጠራችሁም። አራት ምድጃ ይዞ ስድስት ትኩስ ምግብ በአንድ ሰዓት ማቅረብ አይቻልም። ሁለት ነገር ትኩስ ይሁን፣ ሌላው ቀዝቅዞም የሚበላ ይሁን። ዶሮው ከኦቨን ሲወጣ ከመቆረጡ በፊት 15 ደቂቃ ማረፍ አለበት። ያን ጊዜ ኦቨኑ ባዶ ነው፣ ድንቹም ዳቦውም ያኔ ይሙቅ። ከዚያ ኦቨኑን አጥፉና ሳህኖቹን ውስጡ ለትንሽ ደቂቃ ክተቱ። ቀዝቃዛ ሳህን ላይ የወጣ ትኩስ ምግብ ወዲያው ነው የሚበርደው።

በማግስቱ ሆድ ያመመው ሰው አለ

ድስቱ ምድጃው ላይ እንዳለ እስከ ማታ ተቀምጧል። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። ትልቁን ድስት እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ መክተትም አያድንም፤ መሐሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ነው የሚቆየው። ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ አከፋፍሉት። ሩዝ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። መቀቀል የማይገድለው ባክቴሪያ አለበት፣ ውጭ ሲያድር የሚያመነጨውን መርዝ ደግሞ ማሞቅ አያጠፋውም። ያደረ ሩዝ ከሽታው አይታወቅም፣ አሽትታችሁ አትፍረዱ።

ለውዝ ወይም እንቁላል የማይስማማው ሰው ካለ ስትጠሩት ጠይቁት፣ ሳህን ሲይዝ አይደለም።

ድስቱ ከታች አረረ

አትፋቁ፣ አታማስሉ። ላዩን ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላ ድስት ገልብጡና ቅመሱ። የጭስ ጣዕም ካልገባበት ድኗል። ከገባበት ግን ምንም ቅመም አይሸፍነውም። ያረረው ድስት ላይ ውሃና ሁለት ማንኪያ የመጋገሪያ ሶዳ አድርጋችሁ አፍሉት፣ አጥፉና እንዲሁ ይደር፤ ጠዋት በእንጨት ማንኪያ ይነሳል። አሉሚኒየም ድስት ከሆነ ሶዳውን ተዉት፣ ያጠቁረዋል። ውሃ ብቻ አፍሉበት።