ድመታችሁ ውሃው ላይ አቀርቅራ ካልጠጣች

ግልገል ድመት ያላችሁ ይቺን ምልክት ያዙልኝ። ድመቷ የውሃ ሳህኑ አጠገብ ኩርምት ብላ ትቀመጣለች። አገጯን ወደ ጠርዙ ታስጠጋለች፣ ግን አትጠጣም። ጠምቷታል፣ ሆዷ ግን እሺ አይላትም። ይሄ ፓንሉኮፔኒያ የሚባለው ተላላፊ የድመት ቫይረስ አንዱ ጠቋሚ ነው። ትኩሳት፣ ምግብ መዝጋትና ቢጫማ ትውከትም አሉት። ተቅማጡ ዘግይቶ ሊመጣ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ላይመጣ ስለሚችል እሱን አትጠብቁ።

ብዙ ሰው «መርዝ በልታ ነው» ብሎ ወተት ይግታታል። እባካችሁ ተዉት። በሽታው ነጭ የደም ሴሎቿን ይጨርሳል፤ ያልተከተበ ግልገል በአንድ ቀን ሊሞት ይችላል። የማጅራቷን ቆዳ ቆንጠር አድርጋችሁ ልቀቁት። ቶሎ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ሰውነቷ ውሃ አጥቷል፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰዷት። በጊዜ ከደረሰች በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና አንቲባዮቲክ ሊያተርፋት ይችላል።

ሌሎች ድመቶች ካሉ ወዲያው ለዩዋቸው። ቫይረሱ ቤት ውስጥ እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል፣ በጫማም ይገባል። አልኮል አይገድለውም፣ በረኪና ግን ይገድለዋል። መጀመሪያ ወለሉን በሳሙና እጠቡ፤ ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ32 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ 10 ደቂቃ አቆዩበት፣ በደንብ አለቅልቁት።

ሰው ላይ አይተላለፍም። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ይጀመራል። በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደገማል፤ ቢያንስ 16 ሳምንት እስኪሞላት አታቋርጡት።