መኪናዎ ነዳጅ ሲረግጡ ያቅማማል? እነዚህን ስህተቶች አይሥሩ

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ነዳጅ ረገጡ። መኪናው ግን ለአፍታ ቀጥ ይልና ተንገራግጮ ይነሳል። ሃያ ዓመት ያለፈው ኢንጀክሽን (ነዳጁ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭለት) መኪና ይህን ሲያመጣ ብዙዎቻችን ቀጥታ ዕቃ ወደ መግዛት እንሄዳለን። ገንዘብ የሚበላው ይሄ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት መቼ እንደሚያቅማማ ሳያጣሩ ጋራዥ መግባት ነው። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ብቻ ከሆነ የሙቀት ሴንሰሩ ይጠረጠራል። ዳገት ላይ ብቻ ከሆነ ነዳጅ እያነሰው ወይም ነዳጁን የሚያቀጣጥሉት ካንዴላና ኮይል ደክመው ይሆናል። መካኒኩን አሳፍረው ዳገት ይውጡ፤ መኪናው ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ሲሠራ ምንም ላያሳይ ይችላል። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። እሱ በሽታ አይደለም።

ሁለተኛው፣ የመኪናው ኮምፒውተር የሚያወጣውን የብልሽት ኮድ እንደ ፍርድ መቀበል ነው። እኔም ተሸውጄበታለሁ። ፒ0171 ወጣ፤ ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚያየው ኦክስጅን ሴንሰር ተቀየረ፤ መኪናው ያው ነው። ኮዱ የሚለው ግን «አየር በዝቷል ወይም ነዳጅ አንሷል» ብቻ ነው። ያየውን በትክክል የመሰከረውን ሴንሰር ነው አውጥቼ የጣልኩት! ጥፋቱ የተገኘው ከአየር ማጣሪያው ወደ ትሮትል (የሞተሩ የአየር መግቢያ በር) በሚሄደው ጥቁር የጎማ ቱቦ ላይ ነው። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። ነቅዬ ሽብሽቡን በጣቴ ስለጥጠው ከሥር የጥፍር ርዝመት ያህል ስንጥቅ ተከፈተ። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ ስንጥቁ ይገጥማል። ነዳጅ ሲረገጥ ሞተሩ ዘንበል ይላል፣ ጎማው ይሳባል፣ የሚገባውን አየር የሚለካው ኤር ፍሎው ሴንሰር ያልቆጠረው አየር ሾልኮ ይገባል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ነዳጅ የሚሰጠው በተለካው አየር ልክ ነው።

ስለዚህ ኮዱን ብቻ ሳይሆን ፊውል ትሪሙንም (ኮምፒውተሩ ነዳጁን በስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳየውን ቁጥር) ያስነብቡ። በሚኒሞ +20 በመቶ ገደማ ሆኖ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ከትሮትል በኋላ አየር የሚያስገባ ቦታ ይፈለግ። ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት ቁጥሩ ከጨመረ ወደ ነዳጁና ወደ ኤር ፍሎው ይሂዱ።

ኤር ፍሎውን በጨርቅ መወልወል ደግሞ በጭራሽ! ሽቦው እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። ለእሱ የተሠራ ስፕሬይ አለ፤ ሳይነኩ ይንፉበት፣ እስኪደርቅ ይጠብቁ።

የነዳጅ ግፊትን ሞተሩ በሚኒሞ እያለ ብቻ መለካትም ያታልላል። ብዙ የ2000ዎቹ ቶዮታዎች ላይ ፊልትሮው (የነዳጅ ማጣሪያው) ታንከሩ ውስጥ ከፓምፑ ጋር ነው፤ ግፊቱም 3 ባር አለፍ ይላል። ፊልትሮው እየተዘጋ ሲመጣ ለሚኒሞ የሚበቃውን ያሳልፋል፤ ዳገት ላይ ግን አይችልም።

በመጨረሻ፣ ያገለገለ ሴንሰር «ለሙከራ» ብለው ከሶማሌ ተራ አያምጡ። እሱም የታመመ ከሆነ ሁለት በሽታ ይዘው ይቀራሉ። ሁለት ዕቃም ባንዴ አይቀይሩ። አንዱን ይቀይሩና በዚያው ዳገት፣ በዚያው ማርሽ ይሞክሩት።